ዝቅተኛ የዘረመል ነጥብ መድኃኒት ለማቆም ምክንያት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሐኪሜ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት አዘዘልኝ፤ እስካሁን እየወሰድኩ ነው። በቅርቡ ምራቄን ለአንድ የዘረመል ምርመራ ድርጅት ልኬ ውጤቱ ደረሰኝ። ለዓይነት 2 ስኳር በሽታ 91ኛ ፐርሰንታይል፣ ለልብ ደም ቧንቧ በሽታ ደግሞ 18ኛ ፐርሰንታይል ላይ እንደምገኝ ይናገራል። የመጀመሪያው አስደንግጦኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱን ባቆምስ አሰኝቶኛል። ውጤቱን ምን ያህል ልመነው? የ14 እና የ11 ዓመት ልጆቼንስ ላስመርምር? አዲስ አበባ ያለችው እህቴስ መመርመር ይኖርባታል?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጥያቄዎ መካከል ካለው አሳሳቢ ነገር ልጀምር፤ እባክዎ መድኃኒቱን አያቁሙ። የደም ግፊትዎም ሆነ ኮሌስትሮልዎ በራስዎ ሰውነት ላይ ተለክተው የታወቁ ናቸው። 18ኛ ፐርሰንታይል የሚለው፣ ማለትም ከ100 ሰዎች 18ቱን ብቻ የሚበልጠው ነጥብ ግን ከምራቅዎ በተነበበው ዲኤንኤ ላይ፣ በአብዛኛው ከእርስዎ የዘር ሐረግ በራቁ ሰዎች መረጃ የተዘጋጀ ስሌት ተጠቅመው ያወጡት ግምት ነው። ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በመለኪያ የተረጋገጠውን አይሽርም፤ ከፍ ያለ ግፊትና ኮሌስትሮል ዝቅተኛ ነጥብ ያለውንም ሰው የደም ቧንቧ ከመጉዳት አይመለሱም። የስኳሩ 91ኛ ፐርሰንታይል በበኩሉ እንቅልፍ ሊነሳዎ አይገባም፤ አባትዎ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑና እርስዎም 43 ዓመት ስለሞላዎ፣ ነጥቡ ቢኖርም ባይኖርም ማድረግ የሚገባዎትን የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ካነሳሳዎ ግን ጥቅም ሰጥቷል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ነጥቡ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። የሰው ልጅ ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። በእነዚህ ፊደላት የማንኛውም ሁለት ሰዎች ዲኤንኤ እጅግ ይመሳሰላል፤ የሚለያዩባቸው ቦታዎች ግን በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። አንዳንድ በሽታዎች የሚመጡት በአንድ ዘረመል ብልሽት ብቻ ነው። ስኳር በሽታ፣ የልብ ደም ቧንቧ በሽታ፣ ደም ግፊትና የመሳሰሉት በሕዝብ ዘንድ የተለመዱ በሽታዎች ግን እንዲህ አይደሉም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶች እያንዳንዳቸው ኢምንት የሆነ ድርሻ ያዋጣሉ፤ በዚያ ላይ አመጋገብ፣ እንቅስቃሴ፣ ዕድሜና ኑሮ ይደመራሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ያገኙት ቲሲኤፍ7ኤል2 በሚባለው ዘረመል ውስጥ ያለው ልዩነት ለዓይነት 2 ስኳር በሽታ ከሚያጋልጡ የተለመዱ ልዩነቶች ሁሉ ጠንካራው ነው ይባላል፤ እርሱም ቢሆን ከእናት ወይም ከአባት በሚወረስ በአንድ ቅጂ የሚጨምረው የመያዝ ዕድልን ወደ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከዚህ በብዙ ያነሱ ናቸው።

እነዚህን ልዩነቶች ለማግኘት ተመራማሪዎች በሽታው ያለባቸውንና የሌለባቸውን ብዙ ሰዎች ዲኤንኤ ጎን ለጎን አድርገው ያስሳሉ፤ በታማሚዎቹ ላይ በርከት ብሎ የተገኘውን ፊደል ይመዘግቡና ክብደት ይሰጡታል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ታላቅ ጥናት በ7 በሽታዎች ላይ 14,000 ታማሚዎችንና 3,000 ማነጻጸሪያ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ጥናቶች በመቶ ሺዎችና ከዚያም በላይ ሰዎችን ያካትታሉ። ነጥቡ የሚገኘው በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ሰው ያለውን የቅጂ ቁጥር፣ ማለትም 0፣ 1 ወይም 2፣ በክብደቱ አባዝቶ ሁሉንም በመደመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የቦስተን ተመራማሪዎች ለልብ ደም ቧንቧ በሽታ 6.6 ሚሊዮን ቦታዎችን የሚደምር ነጥብ አዘጋጅተው ግማሽ ሚሊዮን ፈቃደኞች ባሉበት በዩኬ ባዮባንክ መረጃ ሲፈትኑት፣ ከተሳታፊዎቹ 8 በመቶው ከቀሪዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ይህ ትልቅ ግኝት ነበር፤ ነጥቡን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ገበያ ያመጣውም በአብዛኛው እርሱ ነው።

ፐርሰንታይል ግን ደረጃ ነው እንጂ የመታመም ዕድል አይደለም። 91ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከ100 ሰዎች ነጥብ ጋር ሲሰለፍ የእርስዎ ነጥብ ከ91ዱ ይበልጣል ማለት ነው፤ «91 በመቶ ትታመማለህ» ማለት ፈጽሞ አይደለም። ለማስረዳት ያህል በመነሻ ግምት ልጠቀም፤ በእርስዎ ዕድሜ ካሉ 100 ወንዶች መካከል በሚቀጥሉት 10 ዓመታት 5ቱ በስኳር ይያዛሉ እንበል። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው በእጥፍ ተጋላጭ ከሆኑ ከእነርሱ መካከል ከ100 የሚያዙት 10 ናቸው፤ 90ዎቹ አይያዙም። በተቃራኒው ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው በግማሽ የቀነሰ ዕድል ካላቸው ከ100 ወደ 3 የሚጠጉት አሁንም ይያዛሉ። «እጥፍ» የሚለው ቃል ሰውን የሚያስደነግጠው መነሻው ስንት እንደሆነ ሳይነገረው ሲቀር ነው፤ የድርጅቱ ሪፖርት መነሻውን ካልጻፈ፣ ያን ቁጥር ይዘው ውሳኔ ላይ መድረስ አይችሉም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የሚጠቁት ሰዎች አብዛኞቹ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው አይደሉም፤ ሕዝቡ በብዛት ያለው መሐል ላይ ስለሆነ ታማሚውም በብዛት የሚወጣው ከመሐል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኬ ባዮባንክ መረጃ የተሠራ አንድ ጥናት፣ ዕድሜን፣ ፆታን፣ ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን፣ ማጨስንና ስኳርን በሚመዝነው የተለመደ ስሌት ላይ የዘረመሉ ነጥብ ሲታከልበት ታማሚውን ከጤነኛው የመለየት አቅሙ ምን ያህል እንደሚሻሻል ለካ። በዚህ ልኬት 0.5 እንደ ዕጣ መጣል፣ 1 ደግሞ ፍጹም መለየት ማለት ነው፤ ውጤቱ ከ0.76 ወደ 0.78 አደገ። ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሐኪምዎ በክንድዎ ላይ ጠቅልሎ ከሚለካው ግፊትና ከክንድዎ ከሚቀዳው ደም የሚገኘውን የሚተካ አይደለም። ይህ የተገኘው ደግሞ ነጥቡ የተሻለ በሚሠራበት፣ በአውሮፓውያን መካከል ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ዋና ነገር የምንደርሰውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ግምገማ መሠረት በእነዚህ የዘረመል አሰሳ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 79 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ከመቶ 2 አካባቢ ብቻ ነበሩ። በዚያው ግምገማ፣ ነጥቦቹ በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ ያላቸው የመተንበይ አቅም በአማካይ በአውሮፓውያን ላይ ካላቸው ወደ 4.5 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ የአፍሪካውያን ሰውነት በሌላ ሕግ ስለሚሠራ አይደለም። ጥናቶቹ የሚይዙት ፊደል ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ ሳይሆን ከእርሱ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ የሚወረስ ምልክት ነው፤ በአውሮፓውያን ዲኤንኤ ውስጥ ምልክቱና ምክንያቱ አብረው ይጓዛሉ፣ በአፍሪካውያን ዲኤንኤ ውስጥ ግን የትውልዱ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ይገኛሉ። ምልክቱ ከተቆጠረና ምክንያቱ ከሌለ ነጥቡ ያለ ምክንያት ይጨምራል። በአፍሪካውያን ላይ ብቻ የሚገኙና አውሮፓ ውስጥ ያልተጠኑ ልዩነቶች ደግሞ ከናካቴው አይቆጠሩም።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የሚታየው የአንዱ ሕዝብ ነጥብ ከሌላው ሕዝብ ነጥብ ጋር ሲነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን ላይ የተሠራውን የቁመት ነጥብ ወስደው በዓለም ዙሪያ ባሉ ሕዝቦች ላይ አሰሉት፤ ስሌቱ አፍሪካውያኑ ከአውሮፓውያን ሁሉ በብዙ ያጠሩ መሆን አለባቸው የሚል ውጤት ሰጠ። ቁመት በሜትር የሚለካ፣ ማንም የሚያየው ነገር ስለሆነ ስሕተቱ ወዲያው ታወቀ። የልብ ወይም የስኳር ነጥብ እንዲሁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢንሸራተት ግን ባለቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የእርስዎ 18ኛም ሆነ 91ኛ ፐርሰንታይል በሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ውጤት መሠረት እንደተሰጠ የክፍል ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናውን የወሰዱት እርስዎ ናቸው፣ ደረጃው የወጣው ግን ከእነማን ጋር ተሰልፈው እንደሆነ ሳይታወቅ ነው።

«ድርጅቱ ከአፍሪካውያን ጋር አነጻጽሮኝ ከሆነስ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ በቂ አይደለም። ብዙ ጊዜ እንደ ማነጻጸሪያ የሚያገለግለው የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ከአፍሪካ አህጉር የያዘው ከናይጄሪያ ሁለት፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ አንድ አንድ ሕዝብ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦቻችን ዲኤንኤ ውስጥ፣ ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር በነበረ ግንኙነት የመጣ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለ አሳይቷል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያዊ ዲኤንኤ በናይጄሪያውያን ወይም በአፍሪካ አሜሪካውያን መለኪያ ቢመዘንም፣ በአውሮፓውያን መለኪያ ቢመዘንም ከሁለቱም ጋር በትክክል አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን ከሕዝብ ወደ ግለሰብ አውርዶ አሳይቷል፤ አንድ ሰው በዘረመል ከጥናቱ ተሳታፊዎች በራቀ መጠን የነጥቡ ትክክለኛነት ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል እንጂ «አውሮፓዊ» እና «አፍሪካዊ» በሚል አጥር ላይ ደርሶ በድንገት አይለወጥም።

እዚህ ላይ የግል ፍርዴን ልናገር። ለእርስዎና እርስዎን ለሚመስሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያሰጋው ከፍተኛው ነጥብ አይደለም። ከፍተኛ ነጥብ ቢሳሳት የሚያስከትለው ጉዳት ጥቂት ቀን ጭንቀትና አንድ ተጨማሪ የደም ምርመራ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ቢሳሳት ግን ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ቀጠሮውን ያሳልፋል፣ የደረት ሕመሙን «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። ስለሆነም በእኛ ሕዝብ ላይ በደንብ ተፈትኖ ትክክለኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ዝቅተኛ ነጥብን እንዳልተሰጠ መቁጠር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል ዘረመል በሽታ ላይ ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። ከአገራችን የተገኘ አንድ ምሳሌ ሁለቱንም ገጽታ በአንድ ላይ ያሳያል። በወላይታና በሌሎችም ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ባዶ እግራቸውን በሚያርሱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው፣ እግርን የሚያሳብጠውና ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት ፖዶኮኒዮሲስ፣ በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ከተጋላጭነት ልዩነቱም 63 በመቶ ያህሉ ከዘር የሚወረስ እንደሆነ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ተሳትፎ የተሠራው የዘረመል አሰሳ ተጋላጭነቱን የሰውነት መከላከያን ከሚቆጣጠሩት ኤችኤልኤ ከሚባሉት ዘረመሎች ጋር አገናኝቶታል። ይህን ያህል ከዘር ጋር የተቆራኘ ይሁን እንጂ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግና እግሩን የሚታጠብ ሰው ከበሽታው ይጠበቃል። የዘር ድርሻው ከፍተኛ መሆኑ በሽታው የማይቀር ዕጣ መሆኑን አያመለክትም፤ አንዱ ስለ ሕዝብ ልዩነት የሚናገር ቁጥር ነው፣ ሌላው ግን በእርስዎ አኗኗር የሚወሰን ነው።

ስለ ስኳር በሽታም ተመሳሳይ ማስረጃ ያለን ከራሳችን ሰዎች ነው። ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ላይ ከጥቂት ዓመታት ኑሮ በኋላ የስኳር በሽታ በርክቶ መገኘቱ ገና እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘግቧል። በጥቂት ዓመት ውስጥ የማንም ዘረመል አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱ፣ የእግር መንገዱና የሥራው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ የስኳር በሽታው ብልጫ ከሌሎች እስራኤላውያን ጋር ሲነጻጸር በተለይ በዕድሜ ለጋ በሆኑትና ክብደታቸው ዝቅ ባለው ኢትዮጵያውያን ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አመልክቷል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ» ማለት ለእኛ ያን ያህል መተማመኛ አይደለም፤ ይህን ለሐኪምዎም ቢያነሱት መልካም ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሐኪሞች የስኳር ምርመራ የሚያዙት ክብደቱ ለጨመረ ሰው ነው።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራና ሌሊቱን ምግብ ሳይወስዱ የሚሰጥ የጠዋት የደም ስኳር ምርመራ ይጠይቁ። ኤዋንሲ ከ5.7 በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5ና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ይባላል። የጠዋቱ የደም ስኳር ደግሞ ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው፤ ምልክት በሌለበት ሰው ግን ውጤቱ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ሁለቱን አብረው እንዲያሠሩ የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤዋንሲ የሚለካው ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የተጣበቀውን ስኳር ነው፤ የሕዋሱን ዕድሜ የሚያሳጥር ማንኛውም ነገር፣ ለምሳሌ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት፣ ውጤቱን ከእውነተኛው በታች ሊያወርደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገ ሰፊ ጥናት በአፍሪካ አሜሪካውያን መካከል በዚህ ልዩነት ምክንያት በኤዋንሲ ብቻ ሲመረመሩ ሳይታወቅላቸው ሊቀሩ የሚችሉ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች እንዳሉ አስልቷል። ሁለቱ ውጤቶች ካልተጣጣሙ ሐኪምዎ ምክንያቱን እንዲፈልግ ይጠይቁ።

ቅድመ ስኳር ሆኖ ቢገኝ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። በአሜሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታወቀው ታላቅ የስኳር መከላከል ጥናት፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለማድረግ የተደገፉ ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሷል። ቀጥሎ የተደረገው ምርምር ደግሞ ከፍተኛ የዘረመል ተጋላጭነት ያላቸውም በዚሁ እንደተጠቀሙ አረጋግጧል። ለእርስዎ 91ኛ ፐርሰንታይል ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ 150ውን ደቂቃ በ5 ቀን ማካፈል ነው። በጾም ወቅትም ሥጋውና ቅቤው ሲቀር ቦታውን ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር የበዛበት ሻይ እንዳይወስዱት፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን የሚበዙበት ጾም ለስኳርም ለኮሌስትሮልም የተስማማ ነው።

ነጥቡ ራሱ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለ። መድኃኒት ይጀምር ወይስ ይቆይ በሚባልበት አፋፍ ላይ ያለ ሰው፣ ማለትም የተለመደው ስሌት መካከለኛ ተጋላጭነት የሰጠው፣ ከፍተኛ የልብ ነጥብ ሲጨመርበት ውሳኔው ወደ መጀመር ሊያዘነብል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ የዘረመል ነጥባቸው የተነገራቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮል ካልተነገራቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ምክንያቱ ግን አመጋገባቸውን ስለለወጡ ሳይሆን በብዛት መድኃኒት ስለጀመሩ ነበር። በአፍሪካም ጥሩ ጅምር አለ። በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጥናት የዓይነት 1 ስኳር ዘረመል ነጥብን ከደም ምርመራ ጋር አጣምሮ በመጠቀም፣ በለጋ ዕድሜያቸው ዓይነት 1 ተብለው ኢንሱሊን ከሚወስዱት ብዙዎቹ የተለመደው ዓይነት 1 በሽታ እንደሌለባቸው አሳይቷል። ይህ ዓይነቱ አጠቃቀም፣ የታመመውን ሰው በሽታ በትክክል ለመለየት ማገዝ፣ በእኛ አገር ሆስፒታሎችም ቢጠና የብዙ ወጣቶችን ሕክምና ያስተካክላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ለዚህ ግን በኢትዮጵያውያን ላይ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሰበሰብ መረጃ ያስፈልጋል።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ በጎልማሳነት ለሚመጡ በሽታዎች ይህን ነጥብ እንዲያወጡላቸው አልመክርም። ዛሬ የሚለወጥ ሕክምና የለም፤ አድገው ራሳቸው ሊወስኑ የሚገባቸውን መረጃ አስቀድሞ ያወጣባቸዋል። በልጅነት ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነው። በአሜሪካ ያለው የባለሙያዎች መመሪያ ማንኛውም ልጅ ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ኮሌስትሮሉ እንዲለካ ያዛል፤ ስለዚህ የ11 ዓመቱ ልጅዎ ካልተለካ አሁን ይለካ፣ የ14 ዓመቱም ካለፈው አብሮ ይለካ። ይህ የበለጠ የሚያስፈልገው መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የነበረው ኤልዲኤል ኮሌስትሮልዎ 190 ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ ነው። ያን ጊዜ በዘር የሚወረስ፣ በአንድ ዘረመል ብልሽት የሚመጣና ከ250 ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ ከፍተኛ የኮሌስትሮል በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶችን የሚደምረው ነጥብ ይህን አንድ ትልቅ ብልሽት አያየውም፤ ያለበት ሰው 18ኛ ፐርሰንታይል ሊወጣለት ይችላል። የቆየውን የላቦራቶሪ ወረቀትዎን ፈልገው ይህን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከፍ ያለ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ በሐኪም በኩል ይጠይቁ።

እህትዎ የዘረመል ነጥብ አያስፈልጋትም፤ የእርስዎም ነጥብ የእርሷን አይነግራትም። ወንድምና እህት በአማካይ ከዲኤንኤ ልዩነቶቻቸው ግማሹን ይጋራሉ፤ ቀሪው ግማሽ ግን የአንዱን ነጥብ ከሌላው በእጅጉ ሊያርቀው ይችላል። እርሷንም እርስዎንም በእኩል የሚመለከተው የአባታችሁ ሕመም ነው፤ ወላጁ በስኳር የተያዘ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ምራቅ መላክ አያሻም። አቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ ግፊቷንና ስኳሯን በዓመት አንድ ጊዜ ትለካ፤ ለምርመራው ሊያወጡላት ያሰቡትን ገንዘብ ደግሞ ለዚህ ያውሉላት። እርግዝና ላይ ስኳር ታይቶባት ከነበረ ለሐኪሟ መናገር አለባት፣ ከነጥብ ሁሉ የበለጠ የሚናገር ምልክት ነውና።

በመጨረሻም ስለ መረጃዎ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ የጤና መድን ድርጅትና አሠሪ በዘረመል ውጤትዎ ምክንያት እንዳያገልዎ ይከለክላል፤ የሕይወት መድንን፣ የአካል ጉዳት መድንንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ግን አይሸፍንም። የሕይወት መድን ለመግባት ካሰቡ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ስለ ዘረመል ምርመራ የሚጠይቀውን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ። ድርጅቶቹ ራሳቸውም ዘላቂ አይደሉም፤ ከሁሉ የታወቀው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ በመረጃ ሌቦች እጅ ወድቆበት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። የላኩበት ድርጅት መለያ ገጽ ላይ ናሙናው እንዲወገድና መረጃው እንዲሰረዝ የሚጠየቅበት ክፍል ይኖራል። ከዚያ በፊት ሪፖርቱን አትመው ያስቀምጡ፤ የሪፖርቱ ግርጌ ላይ ነጥቡ በየትኞቹ ሕዝቦች መረጃ እንደተሠራና እርስዎን ከየትኛው ቡድን ጋር እንዳነጻጸረ የሚገልጽ አንቀጽ ካለ ያስምሩበትና ለቀጠሮው ከላቦራቶሪ ወረቀትዎ ጋር ይዘው ይሂዱ። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ የግፊቱንም የኮሌስትሮሉንም ክኒን እንደታዘዘልዎ ይውሰዱ።